ሸክላ ስትገዙ ሽፋኑን ተዉትና መሃሉን አንብቡ

አምና ባሕር ዳር ላይ ተበላሁ። በጨዋ ቃል ልናገረው ፈልጌ ነበር፣ ሌላ ቃል ግን የለውም። አንድ ሰው የዘፋኙን የሙሉቀን መለሰን ትንሹን የሙዚቃ ሸክላ፣ በየገጹ አንድ ዘፈን ያለበትን፣ «ኦሪጅናል ነው፣ ያልተነካ፣ በዓለም ላይ 300 ፍሬ ብቻ ነው የታተመው» ብሎ አሳየኝ። በላስቲክ ታሽጓል። ያብረቀርቃል። ሙሉቀን የጎጃም ተወላጅ ነው፣ እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ልቤ ቀደመኝና የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። አጎቴ ድሮ ቡና ቤት ነበረው፤ ራዲዮግራሙ፣ ያ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ትልቁ ሬዲዮ፣ ዛሬም ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ቁጭ ብሏል። መርፌውን አሳረፍኩ። ዘፈኑ ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ አጎቴ ከጓሮ ሆኖ «አንተ፣ ሸክላ አላልከኝም እንዴ? ይሄ እኮ ካሴት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሸክላው ሸክላ ነው፤ ይሽከረከራል፣ ድምፅም ያወጣል። ግን የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ያረጀ ካሴት ወስዶ፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ፋይሉን ለፋብሪካ ልኮ ሸክላ አድርጎ አሳትሞታል። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የካሴቱ «ሽሽሽ» ይሰማል። አጎቴ ያንን ድምፅ ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ቤቱ ውስጥ ሲሰማው ኖሯል፣ እንዴት ይጠፋዋል?

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እልህ ይዤው ተማርኩት። እናንተም እንደኔ እንዳትበሉ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያ ታሪኩን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ግማሹ ማጭበርበር ታሪኩን በማያውቅ ገዢ ላይ ነው የሚሠራው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ደፍሮ ጥሶ በ1961 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 1969፣ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አወጣ፣ ከዚያ አገር ለቆ ወጣ። አሊ ታንጎ በሚል ስም የምናውቀው ሰውዬ ደግሞ ካይፋ ሪከርድስን ይዞ መጣ። ፊሊፕስ የሚባል የውጭ ድርጅትም ነበር። ሁሉም ተደምሮ ከ1969 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የወጡት ትንንሽ ሸክላዎች ወደ 500 ይጠጋሉ፣ ትልልቆቹ 30 ገደማ ናቸው። በቃ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላን ጠራርጎ ወሰደው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ወርቅ የሆነ መመሪያ ይወጣል። ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣው በካሴት ዘመን ከሆነ፣ ዘፋኙ ውጭ አገር ካላሳተመው በስተቀር፣ «ኦሪጅናል ሸክላው» የሚባል ነገር የለም። አንድ ጓደኛዬ በደርግ ማገባደጃ የወጣ ዘፈን «የ1960ዎቹ ሸክላ ነው» ተብሎ ሊሸጥለት ሲል አብሬው ነበርኩ። ሻጩን «የትኛው 60ዎቹ?» አልኩት። ዝም አለ። ይሄ ዓመት የማደናገር ነገር እንዳያመልጣችሁ፤ ሽፋኑ ላይ 1967 የሚል ካያችሁ በኛ ነው ወይስ በነሱ አቆጣጠር ብላችሁ ጠይቁ። በኛ ከሆነ በነሱ 1974 ወይም 1975 ነው። ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች ሳይቀሩ በዚህ ይሳሳታሉ።

ሌላው፣ «አዲስ አበባ የታተመ» ሲሏችሁ አትመኑ። የአምሃ ሸክላዎች መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ነበር የሚታተሙት። ቀረጻው እዚህ፣ ኅትመቱ እዚያ።

እሺ፣ ገበያ ላይ ምን ምን አለ? አንደኛ፣ በዚያ ዘመን የታተመው ራሱ። ሁለተኛ፣ ከባለመብቱ ጋር ተስማምተው እንደገና ያሳተሙት። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ ቡዳ ሙዚክ የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የኛን የድሮ ዘፈኖች በተከታታይ በሲዲ አወጣ፣ ከዚያም ሌሎች በሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያሳተመውን ትልቅ ሸክላ ስትራት የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት በ2017 እንደገና አውጥቶታል። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ የ1977 ሸክላ ደግሞ በ2014 እንደገና ታትሟል፤ የድሮው ኅትመት በሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው፣ አዲሱን ግን ማንም ሠራተኛ ቆጥቦ ሊገዛው ይችላል። ሦስተኛው ማንንም ሳይጠይቁ ያሳተሙት ነው፤ እኔ የተበላሁበት።

ሁለተኛውን እንደ ሐሰት የሚያዩ ሰዎች አሉ። ስህተት ነው። በፈቃድ የታተመ አዲስ ሸክላ ብዙ ጊዜ ከድሮው የተሻለ ይሰማል፣ ዘፋኙም ወይም ቤተሰቡ ድርሻ ያገኝበታል። ችግሩ አዲሱን በድሮው ዋጋ ሲሸጡላችሁ ነው። ሦስተኛው ግን በየትኛውም ዋጋ ችግር ነው።

አሁን ወደ «300 ብቻ» ልመለስ። ሸክላ ሲሠራ ድምፁ መጀመሪያ ላኬር የሚባል ቅብ በተቀባ የአሉሚኒየም ሰሃን ላይ በመርፌ ይቀረጻል። በሰሃኑ ላይ ብር ይረጭበትና ኒኬል ይለበጣል። ኒኬሉ ሲላቀቅ የመስመሮቹ ግልባጭ ይሆናል፣ እሱን «አባት» ይሉታል። ከአባት «እናት» ትወጣለች፣ ከእናት ደግሞ የጋለውን ፕላስቲክ የሚጨፈልቀው ማተሚያ ይወጣል። አንድ ማተሚያ ሺህ ገደማ ካተመ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ወጪ አሥር ብታሳትሙም አምስት መቶ ብታሳትሙም ያው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ፋብሪካዎች ከ300 ወይም ከ500 በታች ትእዛዝ መቀበል የማይወዱት። ስለዚህ ያለፈቃድ የሚያሳትመው ሰውዬ 300 ያሳተመው ዘፈኑን ብርቅ ሊያደርገው ብሎ አይደለም፤ ኪሱ የቻለው፣ ፋብሪካውም እሺ ያለው ያን ያህል ስለሆነ ነው። «ውስን ኅትመት» የሚል ቃል ማተም ደግሞ ተጨማሪ ሳንቲም አያስወጣም። በእስክሪብቶ «147/300» መጻፍም እንደዚያው። አንድ ቁጥር ሁለት ሸክላ ላይ ሊጻፍ ይችላል፣ ማን ይቆጥረዋል?

እውነተኛ ውስን ኅትመት የለም ማለቴ አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ በሚከበረው የሸክላ ቤቶች ቀን ብዙ ድርጅቶች ለዚያ ቀን ብቻ የሚታተም ሸክላ ያወጣሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ያሳተመው ድርጅት ራሱ ስሙን ጠርቶ፣ ስንት እንዳሳተመ ከመሸጡ በፊት ያሳውቃል። ቁጥሩን የሚነግራችሁ ደላላው ብቻ ከሆነ ቁጥር አይደለም፣ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እናቶቻችን ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ሲገዙ እንዴት እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፤ ሻጯ የፈለገችውን ብትል በአውራ ጣታቸው ነክተው፣ አሽትተው፣ አንዳንዴም ትንሽ ቀምሰው ነው ብር የሚያወጡት። ሸክላም እንደዚያው ነው። የታሸገ ሸክላ «አይከፈትም» ካሏችሁ ተዉት። ያኔ እኔን የገደለኝ ያ ላስቲክ ነው።

ከሽፋኑ አውጡት። በጠርዙና በመሃሉ ያዙት፣ መስመሮቹን በጣት አትንኩ። ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መርፌው የሚገባበት፣ ከመሃሉ ክብ ወረቀት በፊት ያለ ልሙጥ ቀለበት አለ አይደል? እሱን አንብቡ። እዚያ ላይ ሰሃኑ ሲቀረጽ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥርና ፊደል ይኖራል። ይሄ የሸክላው መታወቂያ ነው። ቁጥሩ በመሃሉ ወረቀት ላይ ከተጻፈው የሸክላ ቁጥር ጋር መዛመድ አለበት፤ የአምሃ ሸክላዎች ቁጥር የሚጀምረው በባለቤቱ ስም መነሻ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ነው። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ዲስኮግስ በሚባለው ትልቅ የሸክላ መዝገብ ላይ ካለው ኅትመት ጋር አስተያዩት። ያለፈቃድ የሚያሳትም ሰው ሽፋኑን በስካነር መገልበጥ ይችላል፣ ወረቀቱንም ይገለብጣል፣ ያንን ቀለበት ግን መገልበጥ ይከብደዋል፤ ምክንያቱም አዲስ ሰሃን ስለሚያስቀርጽ አዲሱ ፋብሪካ የራሱን ቁጥር ይጽፍበታል። እኔ የገዛሁት ላይ የፋብሪካ ረጅም ቁጥር በንጹህ ማሽን ጽሑፍ ነበር፤ መሃሉ ወረቀት ላይ ካለው ጋር የሚገናኝበት ነገር አልነበረውም። ሁለት ደቂቃ ብቻ ብመለከተው ኖሮ!

ቀጥሎ የመሃሉን ወረቀት እዩ። የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ትንንሾቹን ፊደሎች አጉሉ። የድሮው ኅትመት ፊደሉ ሙሉ ቀለም ነው፣ ጠርዙ ቆራጥ ነው። ከስካነር የተገለበጠው ደግሞ ጠርዙ የደበዘዘ፣ ውስጡ በነጠብጣብ የተሞላ ይሆናል። አማርኛው ደግሞ የኛ ትልቁ ጉልበት ነው፣ ፈረንጅ ሰብሳቢ ይሄን አያገኘውም። ያኔ የአማርኛ ጽሑፉ በእጅ የተሳለ ወይም ከማዕድን እርሳስ በተሠራ የማተሚያ ፊደል የተለቀመ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተራችሁ ላይ በምታውቁት ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ የተጻፈ የመሃል ወረቀት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። «ለ» በ«ሰ» ቦታ ገብታ፣ ቃሉ ትርጉም አጥቶ ካያችሁም አንድ አማርኛ የማያነብ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ እንደሠራው ገምቱ።

ሽፋኑ ላይ ባር ኮድ ካለ ድሮ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የኛ ሸክላ ላይ ባር ኮድ አልነበረም። የድረ ገጽ አድራሻ ካለማ ምን እላችኋለሁ። ትልቅ ሸክላ ስታነሱት ከበድ ካላችሁም ጠርጥሩ፤ «180 ግራም» እያሉ የሚያሻሽጡት ወፍራም ሸክላ የአሁን ዘመን ፋሽን ነው፣ የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸክላ ከዚያ ይቀላል። ክብደት የጥራት ምልክት ነው የሚለውንም እርሱት። ጥሩ የሚሆነው ጥሩ ሆኖ ከተቀረጸ ነው።

ከዚያ አስጫውቱት። ማጫወቻ ከሌለ ማጫወቻ ያለበት ቦታ እንገናኝ በሉ፣ የማይፈልግ ሻጭ የራሱ ምክንያት አለው። ጆሯችሁ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንዱ የኔው የካሴት «ሽሽሽ» ነው፤ በዘፈኑና ከዘፈኑ በፊት ባለው ባዶ መካከል አስተውሉ፣ ሽሽታው ድንገት ከጀመረና ዘፈኑ ሲያልቅ አብሮ ድርግም ካለ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ ሸክላው አዲስና ያልተጫረ ሆኖ ሳለ ውስጡ «ጠቅ ጠቅ» ይላል። ጭረቱ ዓይናችሁ ፊት ካለው ሸክላ አይደለም፣ ከተገለበጠበት ከሌላው ሸክላ ነው። ይሄ በጣም አስቂኝ ነው፣ የሌላ ሰው ቡና ቤት አቧራ አብሮ ታትሞላችኋል። ሦስተኛው ደግሞ ጭረቱን በኮምፒውተር ሊያጠፉ ሲሞክሩ የሚመጣ ነው፤ የከበሮው ጸናጽል ይሞታል፣ ሳክስፎኑ ትራስ ስር ሆኖ የሚነፋ ይመስላል።

ጆሮ የሚያዳግተው ካለ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ሸክላውን ቅዱና ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ዘርዝሮ የሚያሳየውን ሥዕል (ስፔክትሮግራም) ክፈቱ። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው በጣም ቀጭን ድምፅ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከጠፋ፣ ምንጩ ከኢንተርኔት የወረደ ኤምፒ3 ነው ማለት ይቻላል። ሸክላ ላይ የተጫነ ኤምፒ3! ስልካችሁ ላይ በነፃ ያላችሁን ነገር።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ከነዚህ አንዱ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። የድሮ ሸክላ ሽፋኑ ጠፍቶ አዲስ ነጭ ሽፋን ሊለብስ ይችላል፣ የድሮ ቀረጻም ራሱ ሽሽታ ሊኖረው ይችላል። ቀለበቱ፣ ወረቀቱና ድምፁ ሦስቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ማመን።

የሻጩ አፍም ምልክት ነው። «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ካለ አያቱ የት ይኖሩ እንደነበር፣ ምን እንደሚሠሩ፣ በምን ያጫውቱት እንደነበር ጠይቁት። እውነት ከሆነ ታሪኩ ራሱ ይጎተታል፤ ስለ ማጫወቻው፣ ስለ ሠርጉ፣ ሸክላውን ስለሰበረው ልጅ ሳይቀር ይነግራችኋል። ውሸት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ወደ ዋጋ ይመለሳል። አንድ ዓይነት ሸክላ አምስት፣ ስድስት «ያልተነካ» ያለው ሰው ካገኛችሁ ጨዋታው አልቋል። «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው፣ አሁኑኑ ቴሌብር አድርግልኝ» የሚለውን ደግሞ ሁላችንም አውቀነዋል።

የት ይገኛል ለምትሉኝ፣ እውነተኛው ሸክላ ጎጃም ውስጥ ሱቅ ውስጥ አይደለም ያለው። ቁም ሣጥን ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፤ ድሮ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሹፌር ወይም ቡና ቤት ያለው ሰው በነበረበት ቤት ሁሉ። ብዙዎቹ ማጫወቻው ከተበላሸ በኋላ ሸክላው ምን እንደሚሠራ ጠፍቷቸው አስቀምጠውታል፤ አንዳንዶቹ ለቁራሌው በኪሎ ሰጥተውታል፣ ይሄን ስሰማ ሆዴ ይላወሳል። መንገድ ሰላም ሲሆን ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ጠይቁ። «ሸክላ ትሸጣላችሁ?» ብላችሁ ግን አትግቡ። ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይነሳል፣ «እትዬ፣ ድሮ እዚህ ቤት ሙዚቃ ነበር ይሉኛል» ትላላችሁ። ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱታል።

ደግሞም አትዝረፏቸው። አንዲት እናት ዋጋውን ሳያውቁ በሁለት መቶ ብር የሰጡትን ሸክላ ውጭ አገር በዶላር ሸጦ የሚፎክር ሰው አውቃለሁ። እኔ ከሐሰት ሸክላ ሻጩ ለይቼ አላየውም። ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን ንገሯቸው፣ ከፈለጉ በጋራ ሽጡት፣ ካልፈለጉ ዘፈኑን በስልክ ቅዱላቸውና ልጆቻቸው ይስሙት።

ከዚህ ከኛ አገር ምን ሊወጣ እንደሚችል ለማወቅ አንድ ነገር ልጨምር። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ሰውየው ኃይሉን ዋሽንግተን ድረስ ፈልጎ አገኘው፤ ያኔ ታክሲ ይነዳ ነበር። ተስማሙና በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አያችሁ፣ ካሴቱን ያገኘው ሰው ዝም ብሎ 300 አሳትሞ መሸጥ ይችል ነበር። ስልክ ደወለ።

ዋጋን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሰው የጠየቀውን ዋጋ አትዩ፣ የተሸጠበትን ዋጋ እዩ። ዲስኮግስ ላይ እያንዳንዱ ኅትመት ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ይታያል። ሁኔታው ደግሞ ዋጋውን ይገለብጠዋል፤ የኛ ሸክላዎች አብዛኞቹ በቡና ቤትና በሠርግ ላይ ያለፉ ስለሆኑ ንጹህ ሆኖ የተገኘ ከተጫረው ብዙ እጥፍ ያወጣል። ሽፋኑ የጠፋ፣ በእስክሪብቶ ስም የተጻፈበት፣ የተጣመመ፣ ሁሉም ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ግን በግሌ ስም የተጻፈበት እወዳለሁ፤ የአጎቴ ሸክላዎች ሁሉ ላይ የቡና ቤቱ ማኅተም አለ።

ሐሰት ከገዛችሁ በኋላስ? ብሩ ከተመለሰላችሁ እሰየው። እኔ ሰውየውን ደግሜ አላገኘሁትም፣ ስልኩም አይሠራም። እንደ ኦሪጅናል አድርጋችሁ ለሌላ ሰው ግን አትሽጡት፤ ዲስኮግስም ያለፈቃድ የታተሙ ሸክላዎችን ገበያው ላይ እንዳይሸጡ ያግዳል። እኔ መሃሉ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኮፒ» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ነገ ልጄ ወርሶት እንዳይበላ ወይም እንዳይበላበት።

ኦሪጅናል ሸክላ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ይሄን እወቁ፦ ሸክላው የናንተ ነው፣ ዘፈኑ ግን የናንተ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። «ሸክላህን አውሰኝ፣ ላሳትመው» ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ከዘፋኙ ወይም ከወራሾቹ ጋር የተፈራረመውን ወረቀት ያሳያችሁ። ካላሳያችሁ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

አሁን ስለ አያያዝ። ሸክላ ተደራርቦ አይተኛም፣ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ከምድጃ ጭስ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ግለትና ከመስኮት ፀሐይ ይራቅ። ባሕር ዳር ያላችሁ ክረምት ላይ የጣናው እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ ስለዚህ በፌስታል ጥፍር አድርጋችሁ አትጠቅልሉት። ስታጥቡት የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ፤ ማደያ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፣ ግን ውሃው መሆኑን አረጋግጡ፣ አጠገቡ የሚቀመጠው አሲድ ነው። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ዙሪያውን ብቻ። መሃሉን ወረቀት አታርጥቡ።

በጣም የድሮ፣ ወፍራምና እንደ ሰሃን የሚሰበር፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ ካላችሁ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ገደማ በርሊን ሄደው የተቀረጹበት ዓይነት ነው። እሱ ፕላስቲክ አይደለም፣ ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ስለዚህ አልኮል የሚባል ነገር እንዳይነካው። አረቄም ቢሆን! አጎቴ «ንጹህ የቤት አረቄ ነው፣ ምን ይለዋል» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጁን ነው የያዝኩት። መርፌውም የተለየ ነው፣ የ78ቱ መስመር ሰፊ ስለሆነ ወፈር ያለ መርፌ ይፈልጋል። በራዲዮግራሙ ከባድ ክንድ ደግሞ ውድ ሸክላ አታጫውቱ፣ መስመሩን ይበላዋል። የኔን ኮፒ ግን እንደፈለገ ያጫውተው ብዬዋለሁ።

ሸክላ ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ፣ በተለይ ወደ አዲስ አበባ፣ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። መስታወት ስር ወይም ኮፈኑ ውስጥ የተተወ ሸክላ ጎሐ ጽዮን ሳይደርስ እንደ እንጀራ ይለሰልሳል። እግራችሁ ስር፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት። በሰው የምትልኩ ከሆነ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥታችሁ ለብቻው በወረቀት ከረጢት፣ ሽፋኑን ከጎኑ አድርጉ፤ አለዚያ መኪናው ሲዘል ሸክላው የሽፋኑን ጠርዝ ይቀደዋል። ከፊትና ከኋላ ወፍራም ካርቶን አድርጉበት፣ ካርቶኑ ከሸክላው በሁለት ጣት ይስፋ። ላዩ ላይ «ብርጭቆ» ብላችሁ ጻፉ። «ሸክላ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የጀበና መስሎት ከታች የሚጭነው አይጠፋም።